ዳኛ ታፈሰና የተሸናፊው ወንበር

ዳኛ ታፈሰ ማረፉን የነገሩኝ ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ ያሉኝ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ነው። አንዱ ከፍርድ ቤት ደወለ፤ አንዷ ከጠበቆች ቢሮ፤ ሌላው የት እንደሚሠራ እንኳን የማላውቀው የድሮ ተማሪዬ ነው። ሁሉም እኔን የሟች ወንድም አድርገው አጽናኑኝ። «ጓደኛህ ነበር እኮ፣ በጣም ነው ያዘንኩልህ» አለኝ የመጨረሻው። ጓደኛዬስ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ካዛንቺስ ባለችው ቢሮዬ መስኮት አጠገብ ስቆም ግን መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ሐዘን አልነበረም። እኔ የሞትኩ ቀን ማን ለማን ደውሎ ያጽናናል? ብዬ አሰብኩ። በሞቱም ቀናሁበት።

አልደብቀውም። ሰው ስለማይረሳው ሰው ሲጽፍ አብዛኛውን ጊዜ በፍቅር ይጽፋል፤ እኔ በቅናት ነው የምጽፈው። ዕድሜዬን ሙሉ ማለት ይቻላል በዚህ ሰው ስቀና ኖሬአለሁ። የቀና ሰው ደግሞ አጥርቶ ያያል፤ የሰውየውን አካሄድ፣ የኮቱን ቁልፍ፣ ከመሳቁ በፊት አፍንጫውን እንዴት እንደሚነካ ሳይቀር ይይዛል። ስለዚህ ስለ ታፈሰ ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ካለ ይምጣ።

ቀጭንና ረጅም ነበር፤ ትከሻው ትንሽ ጎበጥ ይላል። አንዲት ግራጫ ኮት ነበረችው፤ ክረምት ከበጋ እሷው ናት። ከቂርቆስ ካዛንቺስ በእግሩ ሲመጣ ከኔ እጥፍ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ያስቆመዋል። «ዳኛ! እንደምን ዋሉ ዳኛ!» ይለዋል ባለ ሱቁ። የታክሲው ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ «ዳኛ፣ ይግቡ፣ ቦታ አለ!» ይለዋል። ታፈሰ ከፍርድ ቤት ከወጣ በኋላ ያንን ሁሉ ዓመት «ዳኛ» እየተባለ ኖረ። እኔም እኮ ዳኛ ነበርኩ። በዚያው ፍርድ ቤት፣ በዚያው ኮሪደር፣ ችሎቴ ከእሱ ችሎት ግድግዳ ለግድግዳ ነበር። በራሴ ፈቃድ ለቅቄ የጥብቅና ፈቃድ ባወጣሁ በሳምንቱ ያው ባለ ሱቅ «አቶ በላይነህ» ይለኝ ጀመር።

እሱ የወጣው በፈቃዱ አልነበረም። አንድ የዋስትና ጉዳይ ይዞ ሳለ ጠዋት ስልክ ተደወለለት። ማን እንደደወለ አልተናገረም፤ «ከትልቅ ቢሮ» ነው ያለን። በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ስልክ የሚደርሰው ዳኛ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ የተባለውን ይፈጽማል፣ ወይ ቀጠሮ ሰጥቶ ጉዳዩን ያቆየዋል። ታፈሰ ሁለቱንም አላደረገም። ችሎት ገብቶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ለግራ ቀኙ እንዲህ አላቸው፦ «ዛሬ ጠዋት ስለዚህ ጉዳይ ስልክ ተደውሎልኛል። የደወለው ሰው ተጠርጣሪው ዋስትና ሊሰጠው አይገባም ብሏል። ይሄ ክርክር ነው፤ ክርክር ደግሞ የሚሰማው እዚህ ነው። ሁለታችሁም አስተያየታችሁን ስጡበት።»

ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ያገላብጥ ጀመር። የተጠርጣሪው ጠበቃም ፈርቶ ቁጭ አለ። ታፈሰ ዋስትናውን ፈቀደ፤ «በስልክ የቀረበው ምክንያት በቂ ሆኖ አልተገኘም» ብሎም በትእዛዙ ላይ አሰፈረው። በግድግዳው በኩል ችሎቱ ውስጥ ሳቅ ሲፈነዳ እኔ ድረስ ተሰማኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ የዳኞች ድልድል ሲወጣ ስሙ አልነበረም። ምክንያቱን ሰው ሲጠይቅ «የመዋቅር ማስተካከያ ነው» ተባለ።

እንግዲህ ችሎቴ ከጎኑ ነበር ብያለሁ። ለኔ ማንም ደውሎልኝ አያውቅም። ስልኬ ደግሞ ደኅና ነበር፤ ባለቤቴ ስትደውል ይሠራል። ለብዙ ጊዜ ይህንን እንደ ክብር እቆጥረው ነበር፤ የማይደፈር ሰው ስለሆንኩ ነው እል ነበር። ታፈሰ ከወጣ በኋላ ግን እንቅልፍ የሚነሳ ሐሳብ መጣብኝ። ሳይደውሉልኝም የምወስነውን ያውቁት ኖሯል ማለት ነው? በሰው መከራ ይቀናል? እኔ ቀናሁ። ለእሱ የተደወለው ስልክ ለኔ አለመደወሉ ቆረቆረኝ።

እንደገና የተገናኘነው ኮሌጅ ውስጥ ነው። የማታ የሕግ ትምህርት በየፎቁ በተከፈተበት በዘጠናዎቹ ዓመታት፣ ካዛንቺስ ውስጥ ከአንድ ሥጋ ቤት በላይ ያለች ኮሌጅ ውስጥ ሁለታችንም አስተማሪ ሆንን። አመሻሽ ላይ የጥብስ ሽታ በደረጃው ወጥቶ ክፍል ይገባል፤ ከማዶ ያለው ባር ደግሞ ሙዚቃውን የሚከፍተው ልክ እኛ ትምህርት ስንጀምር ነው። ተማሪዎቻችን ልጆች አልነበሩም። ቀን ሲያስችሉ የዋሉ ዳኞች፣ ዐቃቤ ሕጎች፣ ፖሊሶች ነበሩ። ብዙዎቹ ዳኞች የቀድሞዎቹ ሲወጡ ቦታው ባዶ እንዳይሆን ተብሎ በጥቂት ወራት ሥልጠና ወንበር ላይ የተቀመጡ ናቸው። ቀን የሰው ዕድሜ ሲወስኑ ውለው ማታ እኛ ፊት እንቅልፍ ይጥላቸዋል።

የምናስተምረው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፤ ደንቡ ነዋ። ነገ ጠዋት ችሎት ገብቶ በአማርኛ የሚፈርድን ሰው ማታ በእንግሊዝኛ እናስተምረዋለን። መጽሐፍ የለም። ሀንድአውቱ እኔ ከተማርኩበት ጊዜ ጀምሮ ፎቶ ኮፒው በላይ በላዩ ፎቶ ኮፒ እየተደረገ የመጣ ነውና የገጹ ጠርዝ ተበልቶ አልቋል። ተማሪው የተበላውን ቃል ትቶ የቀረውን ይሸመድዳል፤ ፈተና ላይም ያንኑ ቃል ዘልሎ ይጽፍልኛል። እኔም አርማለሁ። ሰዓቴን ጠብቄ ገብቼ ሰዓቴን ጠብቄ እወጣ ነበር፤ ሁላችንም ተስማምተን እየኖርን ነበር። ሰላማችን የተበላሸው ታፈሰ ሲመጣ ነው።

የተሰጠው ትምህርት የፍርድ አጻጻፍ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ገብቶ ስሙን እንኳን ሳይጽፍ፣ ከፊት የተቀመጠውን ታምራት የሚባል ወጣት ዳኛ ጠየቀው።

«ዛሬ የፈረድክበት ሰው አለ?»

«አለ፤ አንድ ነጋዴ።»

«ለምን እንደተሸነፈ ገብቶት ነው የሄደው?»

«ግልባጩን ይወስዳላ!»

«ግልባጩን ሲያነበው ይገባዋል?»

ታምራት ፈገግ አለ። «ማለቴ… ጠበቃው ያስረዳዋል።»

«ጠበቃ ከሌለውስ?»

ታፈሰ ጥግ የነበረችውን መደገፊያዋ የላላ ወንበር ጎትቶ መሀል ላይ አስቀመጣትና እሱ ራሱ ተቀመጠባት። «ፍርድ የሚጻፈው ለተሸናፊው ነው» አለ። «አሸናፊው አያነበውም፤ ማሸነፉን ሰምቶ ቤቱ ይሄዳል። አሁን እኔ ነጋዴው ነኝ። የፈረድክብኝን ንገረኝ።»

ወንበሯ በዚያው «የተሸናፊው ወንበር» ተባለች። ሥርዓቱ ቀላል ነበር። ተማሪው የጻፈውን ፍርድ ወንበሯ ላይ ለተቀመጠው ሰው ዓይን ዓይኑን እያየ ያነብለታል፤ ተሸናፊው «ለምን?» ብቻ እያለ ይጠይቃል፤ «ገባኝ» እስኪል ድረስ ከመድረክ መውረድ የለም። «ተስማማሁ» ማለት አይጠበቅበትም። «ሕጉ ስለሚል ነው» ብሎ የመለሰ ተማሪ ካለ ታፈሰ አፍንጫውን ነካ ያደርግና «ሕጉማ ይላል፤ አንተ ምን ትላለህ?» ይለዋል። ይሄ ሁሉ በአማርኛ ነው። ዲኑ ስለ ደንቡ ሲያነሳበት «የተሸነፈው ሰውዬ እንግሊዝኛ አይችልም» አለው።

በእሱ ክፍል የሚተኛ ተማሪ ጠፋ። ቀን ወንበር ላይ ሆነው ሰው የሚረቱ ሰዎች ማታ ለመሸነፍ ይሽቀዳደሙ ነበር። አንድ ጎልማሳ ፖሊስ ወንበሯ ላይ ሳለ የምሩን ተናድዶ «ለምን? ለምን? ለምን?» እያለ ሲጮህ ከታች ሥጋ ቤት ሰው ምን ተፈጠረ ብሎ ወጣ። እኔ ከጎን ክፍል የውል ሕግ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው አዘንብለው ይስቃሉ። አንድ ቀን ጨክኜ ወንበሯን ወደ ክፍሌ አስገባኋት። ምን አለበት? ወንበሯ የኮሌጁ ናት። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣችና «መምህር፣ ይቺ የዳኛ ወንበር አይደለችም እንዴ?» አለችኝ። ወንበሯን መልሼ አስወጣኋት።

አቶ ጌትነት የሚባል ተማሪ ነበረን። ዳኞችን በሚመለከት ብዙ ነገር በሚወሰንበት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኃላፊ ነው። እሱ ክፍል ሲገባ ዳኞቹ ተማሪዎች ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ፤ እኔ ስገባ ግን አንዱም አይነሳም። ዲግሪውን የፈለገው እሱ ራሱ ዳኛ ሆኖ ሊሾም ስለታሰበ ነበር፤ ይህንንም አልደበቀም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጥያቄ ተጠይቆ የማያውቅ ሰው ነበር እንጂ።

የመጨረሻ ዓመት የፍርድ አጻጻፍ ፈተና በቃል ነው፤ ፈታኞቹ ታፈሰና እኔ ነበርን። ጌትነት ያመጣው ከኖረችበት ቤት እንድትለቅ ስለተፈረደባት ሴት የተጻፈ ፍርድ ነው። ፍርዱ ያማረ ነው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለ ወጣት ባለሙያ እንደጻፈለት ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። ታፈሰ ከፈታኝነት ቦታው ተነስቶ የተሸናፊው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ለምን?» አለ።

ጌትነት ወረቀቱን አየና አንዱን አንቀጽ ደግሞ አነበበ።

«እሱንማ ሰማሁ። ለምን?»

«ዳኛ፣ ይሄ እኮ ፈተና ነው።»

«እኔ ቤቴን ያጣሁ ሴት ነኝ። ዛሬ ማታ የት እንደማድር አላውቅም። ለምን?»

የጌትነት ግንባር አብረቀረቀ። ወረቀቱን አገላበጠ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «በቃ፣ ተወስኗል!» አለ።

ከማዶ የባሩ ሙዚቃ ይሰማል። ታፈሰ ቀስ ብሎ ተነስቶ ወንበሯን ወደ ጥጓ መለሳት። ሁለታችንም ኤፍ ጻፍን። እዚህ ላይ ልብ ይባልልኝ፤ ሁለታችንም ነው ያልኩት።

በማግስቱ ዲኑ ጠራን። ወጣት ሰው ነበር፤ ጨዋ ነው፤ ግን የኮሌጁ ፈቃድ የሚታደስበት ወቅት ስለነበር ፈርቷል። ቢሮው ከመተላለፊያው የተለየው በስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብቻ ነው። ታፈሰ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ እኔ ቀድሜ ገባሁ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ዲኑ። «ከላይ ደውለዋል። የአቶ ጌትነት ውጤት ቢታይ… ማለቴ፣ አንድ ዲ እንኳን ብትሆን።»

እኔ ደግሞ ተናገርኩ። መንገዱን ሁሉ ስዘጋጅበት ነው የመጣሁት። የኮሌጁን መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ በአንቀጽ ጠቀስኩ። ስለ ሙያው ክብር፣ ነገ እንዲህ ያለ ሰው ወንበር ላይ ቢወጣ ስለሚመጣው ጣጣ ተናገርኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ግን አላቋረጥኩም። «አልቀይርም!» ብዬ ጠረጴዛውንም መታሁ መሰለኝ። ሁለት ትንንሽ ልጆች ነበሩኝ፤ ጥብቅናው ገና አልያዘልኝም ነበር፤ ያቺን ሥራ ባጣ ምን እንደምሆን አላውቅም። በሕይወቴ የተናገርኩት ትልቁ ነገር ያ ነው።

ዲኑ እስክጨርስ ጠበቀ። «ገብቶኛል መምህር፣ አመሰግናለሁ» አለኝ። «እባክዎ ሲወጡ ዳኛ ታፈሰን ይጥሩልኝ።»

ታፈሰ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ወጣ። እሱ ያለው ነገር ግን በማግስቱ ካዛንቺስን አዳረሰ። «ውጤቱን እናንተ መቀየር ትችላላችሁ፤ እስክሪብቶው ያውና» ብሎት ኖሯል። «የኔን ስም ግን ሰርዙ። ነገ ይሄ ሰው ያለ አግባብ የሚያስረው ሰው ማን ነው ያስተማረው ብሎ ሲጠይቅ፣ የኔ ስም አይገኝ።» ተማሪዎቹ ይህንን በየካፌው ተቀባበሉት። ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ እኔው ራሴ እንዳልሰማ ሆኜ ስንት ጊዜ ተተርኮልኛል! «እርስዎስ ያን ጊዜ እዚያ ነበሩ እንዴ?» ያለኝም አለ።

ዲኑ ውጤቱን ለመቀየር አልደፈረም፤ ኤፉ ኤፍ ሆኖ ቀረ። የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ግን የታፈሰ ኮንትራት አልታደሰም። የኔ ታደሰ። ይሄኛው ከሁሉ ይበልጥ የቆጨኝ ነው። እኔም እምቢ ብዬ ነበር፤ ያውም ቀድሜ፣ ያውም አንቀጽ ጠቅሼ። እኔን ማባረር እንኳን አላስፈለጋቸውም። ጌትነትም ቢሆን የጠመደው እኔን ነው፤ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ፊቱን ያዞርብኛል። ለታፈሰ ግን እየተኮሳተረም ቢሆን ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ይሰጥ ነበር።

ታፈሰ ምን አደረገ መሰላችሁ? ሥራ አጥቶ፣ ሚስቱ አስቴር በትንሽ የልብስ ስፌቷ ቤቱን ደግፋ ይዛ፣ እሱ ጌትነትን ፍለጋ ሄደ። መሥሪያ ቤቱ አልገባም፤ ምሳ የሚበላበት ምግብ ቤት ነው የጠበቀው። «ቅዳሜ ቅዳሜ ላንቻ ና» አለው። «ተማሪዎች እዚያ እንገናኛለን። እስኪገባህ አብረን እንሠራዋለን።» ጌትነት ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ።

ይህንን የሰማሁት ከተማሪዎቼ ነው። የታምራት እህት ላንቻ ሻይ ቤት አላት፤ ከሻይ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት ታፈሰ በነፃ ያስተምራል። ኮሌጁ የማይፈልገውን ሰው ተማሪው ቅዳሜውን ሰውቶ ይከተለዋል! አንድ ቅዳሜ ከታክሲ ላንቻ ወረድኩ። ዳቦ ልገዛ ነው፤ ለራሴም ያልኩት እንደዚያ ነው። ዳቦዬን ይዤ በሻይ ቤቱ ጓሮ በኩል ሳልፍ መስኮቱ ክፍት ነበር።

ወንበር ላይ የተቀመጠው ጌትነት ነው። ኮቱን አውልቋል፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ታፈሰ ከፊቱ ቆሞ ፍርድ ያነብለታል፤ የጌትነትን ቤት የሚወስድ የፈጠራ ፍርድ ነው።

«ለምን?» ይላል ጌትነት።

«ተወስኗል» ይለዋል ታፈሰ።

«እኮ ለምን?»

«ተወስኗል አልኩህ።»

«ምን ማለት ነው ተወስኗል? ሰው አይደለሁም እንዴ? አንድ ምክንያት ንገረኝ እንጂ!» ጌትነት እንደ ልጅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ታፈሰ ወረቀቱን አጥፎ እጁን ትከሻው ላይ አደረገና ቀስ ብሎ «አሁን አንተ ጻፈው» አለው።

ዳቦዬን ይዤ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እምቢ ማለት ማለት በሩን ዘግቶ መውጣት ነው ብዬ ነበር የማምነው፤ እኔ ያደረግኩትም እሱን ነው። ይሄ ሰውዬ እምቢ ካለ በኋላ ተመልሶ የሚቀጥለውን ሥራ ይሠራል። እንዴት አልቀናም?

በዓመቱ ጌትነት ተመልሶ ተፈተነ። እኔ ነበርኩ አንዱ ፈታኝ። የማያውቀው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ለምን?» ሲለው ወረቀቱን አስቀምጦ እያየው አስረዳው፤ ልጁ «ገባኝ» አለ። ቢ ሰጠሁት። ኤ ይገባው ነበር፤ ግን ያንን ያስተማረው እኔ አልነበርኩም።

ዓመታት አለፉ። ጌትነት ዳኛ ሆነ። ካዛንቺስ እየፈረሰ ሲሠራ፣ ሲሠራ ሲፈርስ በነበረበት ጊዜ ለአንድ የግንባታ ባለሀብት ጠበቃ ሆኜ ከችሎቱ ቀረብኩ፤ ባላጋራችን ይዞታዋን አልለቅም ያለች ባልቴት ናት። ደንበኛዬ በጉዳዩ እንደማይሸነፍ እርግጠኛ ነበር፤ ሰው አለው። ጌትነት ፈረደብን። ፍርዱን ሲያነብ ባልቴቷን አንድ ጊዜም አላያትም፤ የሚያየው የኔን ደንበኛ ነበር። ሲጨርስ «ያልገባዎት ነገር አለ?» አለው። ደንበኛዬ ደንግጦ እኔን አየ፤ ከዚያ ጠየቀ፤ ተመለሰለት። ወጥተን መኪናው ጋ ስንደርስ «ይግባኝ እላለሁ» አለኝና፣ ትንሽ ቆይቶ «ሰውየው ግን እውነቱን ነው» አለ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ጊዜ ረትቻለሁ፤ የዚያን ቀን የተሸነፍኩበትን ፍርድ ያህል የኔ በሆነ ብዬ የተመኘሁት ነገር ግን የለም።

ታፈሰን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ጎተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ኩላሊቱ ታሞ ከቤት መውጣት አቁሞ ነበር። አስቴር ትራሱን አስተካክላለት፣ ለኔ ሻይ አቅርባ ወጣች። መክሳቱ ያስደነግጣል። ስለ ልጆች፣ ስለ መንገዱ መቆፋፈር፣ ስለ ድሮ ችሎታችን አወራን። ከዚያ አላስችል አለኝ።

«ታፈሰ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አልኩት። «ቀንቼብሃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ታውቃለህ?»

«ላንቻ ዳቦ ይዘህ ስትቆም አይቼሃለሁ እኮ» አለና አፍንጫውን ነክቶ ሳቀ፤ ሳቁ አሳለው። ጋብ ሲልለት ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «ደግሞ የምትቀናበት ነገር የኔ አይደለም» አለ።

«የቱ?»

«ዲኑ የጠራን ቀን። አንተ ቀድመህ ገባህ። እኔ ደጅ ነበርኩ፤ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ሁሉም ይሰማል። እውነቱን ልንገርህ፣ እሺ ልል ነበር የመጣሁት። አንድ ጊዜ ወንበሬን ወስደውብኛል፤ ሁለተኛ አልችልም ብዬ፣ ከአስቴር ጋር ተመካክሬ፣ ዲ ልሰጠው ወስኜ ነበር የመጣሁት። ከዚያ አንተ አንቀጽ መጥቀስ ጀመርክ። ድምፅህ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ይሄ ሁሉን ነገር የሚፈራ በላይነህ እምቢ ካለ እኔ ምን ሆኛለሁ አልኩ። አፈርኩ፣ በቃ። እኔ ያልኩት ነገር አጭር ስለሆነ ነው ሰው የያዘው፤ ያንተን ማን ይያዘው? ግማሽ ሰዓት ነው የተናገርከው!»

ምን እንደተሰማኝ ለመናገር ይከብደኛል። ሻዬን አንስቼ ሳልጠጣው መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ፣ በታመመ ሰው ላይ መቆጣት ነውር እንደሆነ እያወቅኩ ተቆጣሁ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልክ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ። «ልክ ነህ፣ መናገር ነበረብኝ። እናገራለሁ። ጌትነት ነገ ይመጣል፣ ለእሱ እነግረዋለሁ። ለሁሉም እነግራቸዋለሁ።»

ደረጃውን ስወርድ እግሬ መሬት አይነካም ነበር። ያን ሳምንት ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ሰው ሰላም ባለኝ ቁጥር የሚጨምርልኝ ነገር ያለ እየመሰለኝ ጠበቅኩ። ማንም ምንም አላለም። ነገሩ ገና አልደረሰም ይሆናል ብዬ ታገሥኩ። በወሩ ታፈሰ አረፈ።

ቀብሩ ቂርቆስ ነበር። ግቢው ሞልቶ ሰው አጥሩ ድረስ ቆሟል። ዳኞች፣ ጠበቆች፣ ባለ ሱቁ፣ የታክሲ ረዳቶች፣ ያ ጎልማሳ ፖሊስ። የሕይወት ታሪኩ ተነብቦ ሲያልቅ ጌትነት ጥቂት ቃል እንዲናገር ተጋበዘ። ፀጉሩ ሸብቷል። ኤፍ እንዳገኘ፣ ላንቻ ሄዶ እንዳለቀሰ፣ አንዱንም ሳይደብቅ ተናገረ። ከዚያ የዲኑን ቢሮ ታሪክ አነሳ፤ ወደ ፊት ተጠጋሁ።

«ዳኛ ታፈሰ ሊያርፍ አንድ ወር ሲቀረው ልጠይቀው ሄጄ ምን እንዳለኝ ልንገራችሁ» አለ ጌትነት። «‹ያን ቀን እምቢ ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ቀድሞ እምቢ ያለው በላይነህ ነው፤ እኔ እሱን ሰምቼ ነው› አለኝ። እንደሱ አይደለም ስለው እጄን ይዞ አስማለኝ፤ ለሰው ሁሉ ንገር አለኝ።» ቆም ብሎ ዓይኑን ጠረገ። «እንግዲህ ትሕትና ማለት ይሄ ነው። ሰው የሕይወቱን ትልቁን ሥራ በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ለጓደኛው አሳልፎ ይሰጣል?»

ግቢው በለቅሶ ተናወጠ። እዚህም እዚያም ሰዎች ዘወር እያሉ ወደኔ አዩ፤ በእንባቸው መሀል እያዘኑልኝ ፈገግ ይላሉ፤ ምን ዓይነት ጓደኛ ነበረህ የሚል አስተያየት ነው። «እውነቱን እኮ ነው!» ልል አፌን ከፈትኩ። ሣጥኑን አየሁት። አፌን ዘጋሁ።

አጠገቤ የቆመች፣ ማን እንደሆነች የማላውቃት ሴት በነጠላዋ ዓይኗን እየጠረገች «እንዲህ ያለ ሰው ከእንግዲህ ከየት ይገኛል?» አለችኝ።

«አይገኝም» አልኳት፤ ድምፄም እንደዚያን ቀን ተንቀጠቀጠ።